ሞተሩ ተገዛ፤ በርኖሱስ?

ሐዋርያው ጳውሎስ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጨረሻ መልእክት ውስጥ አንድ ተራ የሚመስል ልመና እናገኛለን። በጢሮአዳ ትቶት የመጣው በርኖስ እንዲመጣለት ይጠይቃል (2ኛ ጢሞ. 4፥13)። ዝቅ ብሎም ጢሞቴዎስ ክረምቱ ሳይገባ እንዲደርስለት ያሳስባል። የጽድቅን አክሊል የሚጠባበቀው ሐዋርያ ሰውነቱ እንደሚበርደው አልደበቀም። የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በሞተር ሳይክል ወደ ገጠር የምትልኩት ወንጌላዊ ምን ለብሶ እንደሚወጣ አይታችኋል?

ቤተ ልሔምን፣ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የሚያውቅ ሁሉ ብርዱን ያውቃል። የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ስሟ ራሱ ይናገራል፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከደብረ ታቦር ወደዚያ የሚጓዝ ሰው ከ4,100 ሜትር በላይ የሚደርሰውን የጉናን ተራራ ተጠግቶ ያልፋል። በአገራችን ክረምት የምንለው ዝናቡን ነው፤ ውርጩ ግን የሚበረታው ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ንጋት ላይ አየሩ 5 ዲግሪ ቢሆን፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ገላው ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች ነው።

ጉዳቱ መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። ጣት ሲደነዝዝ ፍሬን መያዝ ይዘገያል። ብርዱ ሲጸና አእምሮ ይፈዛል፣ ምላስም ይተሳሰራል። እዚህ የደረሰ ሰው «ትንሽ ነው የቀረኝ» ቢልም መቆም አለበት።

ዋናው ዘዴ ነፋሱን መከልከል ነው። ቤተ ልሔም በድጓ ትምህርት የታወቀ ቦታ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ከጥንት ጀምሮ የሚለብሰው ደበሎ ጠጕሩ ያሞቃል፣ ቆዳው ነፋስ አያሳልፍም። ይህን ጥበብ ብንወስድ ምን ይጎዳናል? ከውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ የቆዳ ጃኬት ወይም የዝናብ ልብስ ይደረብ። አቅም ያነሰው ከጃኬቱ ሥር ደረቱ ላይ ጋዜጣ ያንጥፍ፤ በእርግጥ ይሠራል። የሹራብ ጓንት ነፋስ ስለሚያስገባ የቆዳ ጓንት ይደረብበት። ካልሲ ደራርቦ ጫማን ማጥበቅ ግን ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል። ጋቢ ለብሶ መንዳትም ፈጽሞ አይገባም፤ ጫፉ ሰንሰለት ውስጥ ከገባ ሰውየውን ይጥለዋል። ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርድ ደግሞ ረፋድ ላይ ያልበዋል፤ ላብ ያረጠበው ልብስ ደጋ ሲመለስ ብርድ ስለሚሆንበት ደረቅ ካናቴራ ይያዝ።

አረቄ ያሞቃል ለሚሉም መልስ አለን። እኛ የማንጠጣበት ሌላ ምክንያት ቢኖረንም፣ አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች አስፍቶ የውስጡን ሙቀት የሚያስወጣ መሆኑን ሕክምናውም ይናገራል።

እህቶቼ፣ ባለቤታችሁ ደንዝዞ ሲገባ እጁን ወደ እሳቱ አታስጠጉት፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አይሰማውም። እርጥብ ልብሱን አውልቁለት፣ እጁን ብብቱ ሥር ያድርግ፣ ትኩስ ሻይ በስኳር ስጡት። የጋቢው ጊዜ አሁን ነው። በምሳሌ 31 ያለችው ሴት ስለ ቤተ ሰዎቿ ብርድን ያልፈራችው አስቀድማ ስላለበሰቻቸው ነው።

የአጥቢያ ሽማግሌዎችም የሞተሩን በጀት ስታጸድቁ ከነዳጁና ከጎማው ቀጥሎ ጃኬት፣ ጓንትና መስታወት ያለው ሄልሜት ብላችሁ ጻፉ። ግዢውም ከጥቅምት በፊት ይለቅ።