«የባለቤትነት ስሜት የላቸውም»፦ ስለቆሙ ፓምፖች የሚወራ ተረት

ገጠር ውስጥ የቆመ የእጅ ፓምፕ በታየ ቁጥር የሚመዘዝ ምክንያት አለ፦ «ኅብረተሰቡ የባለቤትነት ስሜት የለውም»። በስብሰባ ይባላል፣ በሪፖርት ይጻፋል፣ ከመስክ ሲመለሱ መኪና ውስጥም ይደገማል። ጉዳት ባይኖረው ሰምቼ ባለፍኩት ነበር። ግን መለዋወጫ ለቸገረው መንደር ሥልጠና ይላክለታል፤ ሥልጠናው ሲያልቅ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ።

እስኪ ፓምፑን ራሱን እንየው። በአገራችን ገጠር በብዛት የሚታየው አፍሪዴቭ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲሠራ የመንደር ሰው እንዲጠግነው ታስቦ ነው። በአንድ መፍቻ ይፈታል፤ ፒስተኑም የታችኛው ቫልቭም ቧንቧው ሳይነቀል ተስበው ይወጣሉ። ቶሎ የሚያልቁት ጎሚኒዎቹና የእጀታው የፕላስቲክ ቡሾች ናቸው። ጠዋት ላይ እጀታው ደጋግሞ ተመትቶ ውኃው ከዘገየ፣ የታችኛው ቫልቭ እያፈሰሰ ሌሊቱን ውኃው ተመልሶ ወርዷል ማለት ነው። ይህን ውኃ ቀጂዋ ከመሐንዲሱ ቀድማ ታውቃለች። የቸገራት ጎሚኒው የት እንደሚገኝ ነው። የወረዳው ከተማ ሱቅ ሚስማርና የስልክ ቻርጀር ይዟል፤ በዓመት ሁለት ሰው የማይጠይቀውን ጎሚኒ ግን ምን ብሎ ያስቀምጥ? ነጋዴውም አይፈረድበትም። ታዲያ ጉድለቱ የማን ስሜት ላይ ነው?

እርግጥ አባባሉ ጭራሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። መዋጮ የማይሰበሰብበት፣ ወይም ተሰብስቦ የት እንደገባ የማይታወቅበት ፓምፕ ዕድሜ የለውም፤ ገንዘቡን የበላ የውኃ ኮሚቴም አለ። ነገር ግን ምክንያቱና ውጤቱ ተገለባብጠዋል። በኬንያ ኪቱይ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፓምፖቹ እጀታ ላይ እንቅስቃሴን በሞባይል ኔትወርክ የሚያሳውቅ መሣሪያ ገጠሙ፤ ቁምነገሩ ግን መልእክቱ ሲደርሰው የሚነሣ ጠጋኝ ማቆማቸው ነበር። ቀድሞ በአማካይ 27 ቀን ይወስድ የነበረው ጥገና ከ3 ቀን በታች ወረደ። ነዋሪዎቹም ጠጋኙ በእርግጥ እንደሚመጣ ካዩ በኋላ ለመክፈል ፈቃዳቸው ጨመረ። ለማይመጣ ጠጋኝ አስቀድሞ የሚከፍል ከተማ ውስጥስ ማን አለ?

የቦረናን ኤላዎች፣ ማለትም ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ ያየ ሰው ደግሞ «የባለቤትነት ስሜት የላቸውም» የሚለውን ወሬ ለማውራት ያፍራል። ሰዎች ከጥልቁ ጉድጓድ እስከ አፉ በተዋረድ ቆመው ውኃውን በመቀባበል ያወጣሉ፤ የማጠጫ ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አላቸው፤ ደለል ሲሞላው ራሳቸው ይጠርጋሉ። ይህ ለዘመናት የኖረ ሥርዓት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ስለ ባለቤትነት የሁለት ቀን ሥልጠና መስጠት ድፍረት ነው።

«አዲስ ፈጠራ ይገላግለናል» የሚሉም አሉ። ልጆች እየተሽከረከሩ ሲጫወቱ ውኃ ይስባል የተባለው ፕሌይፓምፕ እ.ኤ.አ. በ2006 የ16.4 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ቃል ተገብቶለት ነበር። ቆይቶ የብሪታኒያው ጋርዲያን ጋዜጣ ሲያሰላው፣ ለታቀደው ሕዝብ ውኃ ለማድረስ ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ልጆቹ ሲሰለቹ እናቶች ሽክርክሪቱን በእጃቸው ይገፉ ጀመር።

በመስኖም ቢሆን «ሲሚንቶ ከጭቃ ይሻላል» የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆነችው ኤሊኖር ኦስትሮም ከባልደረቦቿ ጋር የኔፓልን የመስኖ ቦዮች ስታጠና፣ ገበሬዎች በድንጋይና በጭቃ ሠርተው የሚያስተዳድሯቸው ብዙዎቹ፣ መንግሥት በሲሚንቶ ካሠራቸው ይልቅ ውኃ እስከ ጫፍ ያደርሱ ነበር። የጭቃው ግድብ በየዓመቱ ስለሚፈርስ፣ ከላይ ያለው ገበሬ ለጥገናው የታችኞቹን ጉልበት ይፈልጋል፤ ለጉልበታቸውም ውኃ ይለቅላቸዋል። በሲሚንቶ ሲሠራለት ግን ማንንም መለመን አይጠበቅበትም።