«ቻይው፣ ይለምድሻል» ከማለታችሁ በፊት

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ሩጫ ነው። በተለይ ደግሞ የሩጫ ግሩፕ ውስጥ ነባር ለሆናችሁ ነው።

በቅርቡ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ወጣት እያነከሰች መጣች። ታሪኳን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ለመዘጋጀት ብላ ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ ግሩፕ ተቀላቀለች። ከዚያ በፊት ሮጣ አታውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከነባሮቹ ጋር፣ በነሱ ፍጥነት፣ በሳምንት 6 ቀን ሮጠች። በሦስተኛው ሳምንት ቅልጥሟን ያማት ጀመር። የግሩፑ ቴሌግራም ላይ «ቅልጥሜን እያመመኝ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀች።

ስልኳን አውጥታ መልሶቹን አሳየችኝ።

«ቻይው፣ ይለምድሻል።»
«ዳይክሎፌናክ ዋጪበት።»
«ይሄ ስንት ጊዜ ተጠየቀ! ወደ ላይ ወጥተሽ አንብቢ።»

ከሥሩ ደግሞ የሚስቅ ኢሞጂ።

«አፈርኩ ዶክተር፣ ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም» አለችኝ። ኪኒኑን እየዋጠች ሁለት ሳምንት ሮጠች። ስመረምራት ቅልጥሟ ላይ አንዲት ቦታ በጣቴ ስነካት አላስቻላትም። የመጀመሪያው ራጅ ምንም አላሳየም፤ በዚህ ጉዳት ይህ የተለመደ ነው። ከሳምንታት በኋላ በድጋሚ ስትነሳ ግን ስንጥቁ ታየ። ስትረስ ፍራክቸር እንለዋለን፤ አጥንት ከድግግሞሽ ጫና ብዛት ሲሰነጠቅ ማለት ነው። ታላቁ ሩጫ አመለጣት።

የመለሱላት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ምናልባት እነሱም ሲጀምሩ የተባሉት ይህንኑ ነው።

ለምን ጀማሪ ቶሎ ይጎዳል?

ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ። አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳል፣ ከዚያ አጠንክሮ ይሠራል። በመሃል ላይ ለጊዜው ይዳከማል። ስለዚህ «ትንፋሼ እሺ ብሎኛል» ያለ ጀማሪ አጥንቱ ገና አልደረሰም። ማስታገሻ ደግሞ ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ስንጥቁን አይጠግንም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ፤ ውሃ ሳይጠጡ ላብ በላብ ሆኖ ለሚሮጥ ሰው ደግሞ ለኩላሊትም አደገኛ ናቸው።

ነባሮች፣ እባካችሁ፦

1. ከመምከራችሁ በፊት ጠይቁ። «ከመቼ ጀምሮ? የት ቦታ? በሳምንት ስንት ቀን ትሮጫለሽ?» ሦስት ጥያቄ በቂ ነው።
2. የመድኃኒት ስም አትጻፉ። ለናንተ የተስማማችሁ ለጨጓራ ወይም ለኩላሊት ሕመምተኛ መርዝ ሊሆን ይችላል።
3. የተደጋገመ ጥያቄ ቢሆንም አታሸማቁ። መልሱን አንዴ ጽፋችሁ ከላይ ፒን አድርጉት፣ ከዚያ በትህትና ጠቁሙ።
4. ለአንድ አዲስ አንድ ነባር መድቡ። ያ ሰው ከኋላ ቀርቶ በአዲሱ ፍጥነት ይሩጥ። እያወሩ መሮጥ ካቃታቸው ፈጥነዋል ማለት ነው።
5. መጨረሻ የወጣን ሰው ፎቶ ሳታስፈቅዱ አትልጠፉ። ሰው እንዳይሳቅበት ብሎ ነው አቅሙ ከሚችለው በላይ የሚሮጠው።

ጀማሪዎች ደግሞ፦

በሳምንት 3 ቀን ጀምሩ፤ 1 ደቂቃ ሩጡ፣ 2 ደቂቃ ተራመዱ፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በቅርቡ ከመጣችሁ የበለጠ ቀስ በሉ። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ወይም ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት ያረፈ ሰው ካለ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ስትጠይቁ ደግሞ «አመመኝ» ብቻ አትበሉ፤ የት፣ ከመቼ፣ ምን ስታደርጉ እንደሚብስ ጻፉ።

ይህን ግሩፕ ላይ አትጠይቁ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም፦

• ስትሮጡ ደረት ላይ ሕመም ወይም መጫን
• ራስን መሳት
• ዕረፍት ወስዳችሁም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር
• ከሩጫ በኋላ እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት
• አጥንት ላይ አንድ ቦታ የሚወጋ፣ ሌሊትም የማያስተኛ ሕመም

ልጅቷ አሁን ተሽሏታል፣ ቀስ ብላ ጀምራለች። እዚያው ግሩፕ ውስጥ ናት። አዲስ ሰው «አመመኝ» ሲል ቀድማ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ የምትጽፈው እሷ እንደሆነች ነገረችኝ።

እናንተስ ስትጀምሩ ምን ተባላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ግሩፓችሁ ላይም ሼር አድርጉት፣ አንድ ጀማሪ ይተርፍበታል።

መልካም ጤና!