የእጅ ሙያ ዋጋው ስንት ነው?
የሐይቅና የአምባሰል እህቶቻችን ሥራ

 

ሐይቅ ስትነሳ የብዙው ሰው ሐሳብ ወደ ውኃውና ወደ ጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳም ይሄዳል። አምባሰል ስትባል ደግሞ በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውልና መዘዘኛው 17ኛ አንቀጽ፣ አለዚያም በስሟ የሚጠራው የዜማ ቅኝት ትዝ ይላል። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት እነዚህ አገሮች ግን እምብዛም የማይወራለት ሌላ ሀብት አላቸው። እርሱም የእናቶቻችንና የእህቶቻችን የእጅ ሙያ ነው። ሞሰቡ፣ ሰፌዱ፣ አገልግሉ፣ ጋቢውና ነጠላው የሚጀምረው ከሴቶች ጣት ነው። እኛ ግን ይህን ሙያ እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ስላየነው ዋጋ አሳጥተነዋል።

ልፋቱን እንቁጠረው

አንድ ሞሰብ ገበያ ከመድረሱ በፊት ስንት ደረጃ ያልፋል? ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶና አክርማ ይለቀማል፤ ይደርቃል፤ ከፊሉ በቀለም እየተነከረ አለላ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በወስፌ እየተወጋ፣ ዙር በዙር እየተጠመጠመ ይሰፋል። ሰፊዋ ይህን የምታደርገው እንጀራ ጋግራ፣ ውኃ ቀድታ፣ ልጆቿን አብልታ በተረፋት ሰዓት ነው።

ፈትሉም እንዲሁ ነው። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ አመልማሎ ይሆናል፤ በእንዝርት ተፈትሎ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር ስለሚጠቀሙ የፈታይዋ ድርሻ በአብዛኛው ማጉ ብቻ ሆኗል። ጋቢው ሲሸጥ ሸማኔውና ነጋዴው ይታወሳሉ፤ ፈታይዋን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

በዚህ ላይ የፕላስቲክ ሰፌድና ሳህን ገበያውን ሞልቶታል። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረሃብ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነት ምን ያህል እንደተጎዳች ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ሙያ ያላት ሴት ቢያንስ በእጇ የያዘችው ነገር አለ። ችግሩ ግን በችግር ቀን የሚሸጥ ዕቃ ገዢው በወሰነው ዋጋ መሄዱ ነው።

ሙያ በኢስላም

በኅብረተሰባችን ውስጥ ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭንና ሸማኔን በስድብ ስም የመጥራት ክፉ ልማድ ቆይቷል። ይህ ከዲናችን የመጣ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ከበላው ምግብ ሁሉ የሚበልጠው በገዛ እጁ ሥራ ያገኘው እንደሆነና የአላህ ነቢይ ዳውድም ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ነቢዩ ዘከሪያ አናጢ እንደነበሩም በሙስሊም ዘገባ ተላልፏል።

የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ደግሞ ለሴቶቻችን ትልቅ አርአያ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከባለቤቶቻቸው መካከል ከሳቸው በኋላ ቀድማ የምትከተላቸው እጀ ረጅሟ እንደሆነች ሲነግሯቸው እጃቸውን ይለካኩ ነበር። ኋላ ግን ረጅም እጅ ማለት ለጋስነት መሆኑ ታወቀ፤ ቀድመው ያረፉት ዘይነብ ነበሩና። እርሳቸው በእጃቸው እየሠሩ ሰደቃ ይሰጡ ነበር። እጅ የሚረዝመው ሠርቶ ሲሰጥ ነው ማለት ነው።

ገንዘቡ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ በየቤቱ ጭቅጭቅ የሚያስነሳ ስለሆነ በግልጽ መናገር ይገባል። በሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 32 ላይ ወንዶች ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው ሁሉ ሴቶችም ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው ተነግሯል። ሚስት በእጇ ሥራ ያገኘችው ገንዘብ በሸሪዓ የራሷ ነው፤ ቤቱን የመቀለብ ግዴታም በባል ላይ ይቀራል። የአገራችን ሕገ መንግሥት 35ኛ አንቀጽም የሴቶችን ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር መብት አረጋግጧል።

ሚስት በፈቃዷ ቤቷን ብትደግፍስ? የዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ.) ለባላቸውና በእጃቸው ላሉ የቲሞች የሚያወጡት ሰደቃ ይሆን እንደሆነ በቢላል (ረ.ዐ.) በኩል ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባስጠየቁ ጊዜ አንዱ የዝምድና፣ ሌላው የሰደቃ ሆኖ ሁለት ምንዳ እንደሚያገኙ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ የሚስት ገንዘብ ሲሰጥ ምስጋና የሚገባው ስጦታ ነው፤ ባል ተነስቶ ከሞሰቡ ሥር የሚያነሳው ገንዘብ ግን አይደለም።

ሒሳብ መያዝ

ለምሳሌ ያህል ብቻ እንበልና፣ አንዲት እህት በቀን 3 ሰዓት እየሰፋች በ30 ቀን አንድ ሞሰብ ጨረሰች። ለሣሩና ለቀለሙ 300 ብር አወጣች፤ በ1,500 ብር ሸጠች። «1,500 ብር አገኘሁ» ትላለች። ወጪው ሲነሳ የቀራት 1,200 ብር ነው። ይህ ለ90 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 13 ብር ከጥቂት ሳንቲም ይሆናል። ይህን ቁጥር ያወቀች ሴት ገዢው 1,000 ብር ሲላት ምን እንደምትመልስ ታውቃለች። ያላወቀችው ግን ስታመሽ ዋጋው ይወርድባታል።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። እናት ማንበብ ባትችል መደመርና መቀነስ የተማረች ልጅ ትጽፍላታለች። ልጅቱም በዚያው የእናቷ ሙያ ሒሳብ ያለው ሥራ መሆኑን ታያለች።

ያለ ወለድ መነሻ ገንዘብ

እ.ኤ.አ. በ1976 ፕሮፌሰር ሙሐመድ ዩኑስ በባንግላዴሽ ጆብራ በምትባል መንደር የቀርከሃ በርጩማ የሚሠሩ ሴቶችን አነጋግረው ነበር። ሴቶቹ የቀርከሃውን ዋጋ ከነጋዴ ይበደሩና በርጩማውን መልሰው ለዚያው ነጋዴ እርሱ በተመነው ዋጋ ይሸጡ ነበር። የ42 ሰዎች ዕዳ ቢደመር 27 ዶላር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ተነስቶ የተቋቋመው ግራሚን ባንክ በወለድ ስለሚሠራ መንገዱን አንከተልም። የታየው እውነት ግን ለእኛም ይጠቅማል፤ ጥሬ ዕቃውን የያዘብሽ ሰው ዋጋሽንም ይይዝብሻል።

እኛ ዘንድ ወለድ የሌለባቸው መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ዕቁብ ነው። 10 ሴቶች በየሳምንቱ እየጣሉ ባለተራዋ ጥሬ ዕቃ በወቅቱና በርካሹ ልትገዛበት ትችላለች። ሁለተኛው ሰለም ነው፤ ገዢው ሙሉ ዋጋውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ የዕቃው ዓይነት፣ መጠን፣ ቀለምና የሚረከብበት ቀን ተለይቶ ይነገራል። ለሠርግ የሚታዘዝ ሞሰብ ለዚህ ይመቻል። ሦስተኛው ሙዳረባ ነው፤ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላዋ ጉልበትና ሙያ ታቀርባለች፤ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ዝርዝሩን በየአካባቢው ካሉ ዑለማእ መጠየቅ ይገባል። የባንክ አገልግሎት ለምትፈልግም ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ ለሆነ አሠራር መመሪያ ያወጣ ሲሆን፣ በዚሁ አሠራር ብቻ የሚሠራው ዘምዘም ባንክ በ2021 ሥራ ጀምሯል።

ውል ሲደረግ ደግሞ ይጻፍ። በዕዳ መገበያየት እንዲጻፍ በሱረቱ አል-በቀራህ ቁጥር 282 የታዘዘው ለትልልቅ ነጋዴዎች ብቻ አይደለም፤ እዚያው ላይ ዕዳው ትንሽም ቢሆን ትልቅ እንዳንሰለች ተነግሮናል። ሰፊዋም በበኩሏ በቃሏ ትገኝ፤ የላላ ስፌት በቀለም አትሸፍን። ጎረቤት ሆና የገዛች ሴትም «ለእኔ ቀንሺልኝ» ከማለቷ በፊት 90ውን ሰዓት ታስብ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ሴት ልጆቻችን እንዝርትና ወስፌ የሚሸሹት ሙያው ስለከበዳቸው ብቻ አይደለም፤ እናታቸው ለፍታ ባዶ እጇን ስትቀር ስለሚያዩ ነው። ዋጋው ሲከበር ሙያውም ይከበራል። አላህ (ሱ.ወ.) የእናቶቻችንን እጅ ይባርክ፤ ሐላል ሲሳይ ይስጣቸው፤ እኛንም ሐቃቸውን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።