ከድንኳን ሥር ላስቲክ ማንጠፍ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

በካኩማ ካምፕ በሬዲዮ ከተላለፈ የአማርኛ የጤና ትምህርት

ለዛሬ የመረጥነው ርዕስ ስለምንተኛበት ወለል ነው። ዝናብ ሲቃረብ ቤት ለቤት ስንዞር እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ነገር አለ። «ያለኝ አንድ ላስቲክ ነው። ከሥር ላንጥፈው ወይስ ከላይ ላልብሰው?» ይሉናል። ቀላል ጥያቄ ቢመስልም ሕፃን ባለበት ቤት መልሱ በሽታን ይከላከላል ወይም ይጋብዛል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንመልከተው።

ላስቲክ ከምን ይከላከላል?

መጀመሪያ፣ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ያግዳል። ዝናብ ከቆመ በኋላም አፈሩ ለቀናት ርጥብ ስለሚሆን ሰሌኑና ፍራሹ ያንን ውሃ ይስባሉ። ሁለተኛ፣ አቧራን ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ ለጽዳት ይመቻል። የሚድህ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። የአፈር ወለል ላይ ሰገራ ወይም ትውከት ቢፈስ ሙልጭ አድርጎ ማጽዳት ያስቸግራል፤ ላስቲክ ግን በውሃና በሳሙና ይታጠባል። አራተኛ፣ ሙጃሌ በደረቅ አሸዋማ አፈር ውስጥ ስለሚኖር የተሸፈነና በየጊዜው የሚታጠብ ወለል አይመቸውም።

ከምን አይከላከልም?

ላስቲክ ውሃን እንጂ ቅዝቃዜን አያግድም። ቀጭን ስለሆነ የመሬቱ ቅዝቃዜ በቀጥታ ወደ ሰውነት ያልፋል። ቅዝቃዜን የሚከላከለው በላዩ የሚነጠፈው ደረቅ ነገር ነው፤ ካርቶን፣ ጆንያ፣ ሰሌን፣ ብርድ ልብስ። «ላስቲክ አንጥፌያለሁ» ብሎ ሕፃን በባዶው ላይ ማስተኛት ተገቢ አይደለም።

ጎርፍንም አያግድም። የታራች ላጋ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ከላይ በዘነበ ዝናብ በድንገት ሊሞላ ይችላል። ድንኳናችሁ ውሃ በሚሄድበት መስመር ላይ ከተተከለ መፍትሔው ቦታ መቀየር ነው። ለብሎክ መሪያችሁ ዛሬውኑ ንገሩ፤ ዝናቡ እስኪመጣ አትጠብቁ።

መቼ ይጎዳል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከድንኳኑ ሥር የተነጠፈ ላስቲክ ጠርዙ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይመራዋል። ውሃው በላስቲኩና በድንኳኑ ወለል መካከል ይቋጥራል፤ ቤተሰቡም ኩሬ ላይ ይተኛል። እንዲህ ከሆነ ምንም ባይነጠፍ ይሻል ነበር።

ለምሳሌ ዩኤንኤችሲአር የሚያድለው ሸራ 4 ሜትር በ5 ሜትር ሲሆን፣ የቤተሰብ ድንኳኑ ዋና ክፍል ደግሞ 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ሸራው እንዳለ ከተነጠፈ በአንድ በኩል 1 ሜትር ይተርፋል። ያ ትርፍ ካልታጠፈ ውሃ መቀበያ ይሆናል።

ሌላው ጉዳት ለረጅም ጊዜ ሳይነሣ የቆየ ላስቲክ ነው። ከሥሩ አፈሩ ይታፈናል፣ ይሻግታል፤ ለጊንጥም ምቹ መደበቂያ ይሆናል።

አንድ ብቻ ካለኝስ?

መልሳችን አጭር ነው፤ ጣሪያው ይቅደም። ከላይ የሚያፈስ ቤት ከሥር ላስቲክ ቢነጠፍለት የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እንደ ሳፋ ያቁራል። ለወለሉ ላስቲክ ባይኖርም መፍትሔ አለ። ደረቅ አፈር ሞልታችሁ የመኝታውን ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት፤ ደልድሉት፣ ጠቅጥቁት፤ ከዚያ ካርቶንና ሰሌን ጨምሩበት። የጣሪያ ሸራ በፀሐይ ብዛት አርጅቶ አዲስ ሲተካ አሮጌውን አትጣሉት። ያልተቀደደውን ቦታ መርጣችሁ ለወለል አውሉት።

እንዴት ይነጠፍ?

1. ከፍ ያለና ውሃ የማያቁር ቦታ ምረጡ። ከኩይሳ ራቁ። ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በኩይሳና በተሰነጠቀ መሬት ውስጥ ትጠለላለች።

2. ድንጋይና እሾህ ልቀሙ፤ መሬቱን ደልድሉ። አንዲት የግራር እሾህ ላስቲኩን ከበሳች ውሃው በዚያች ቀዳዳ ይገባል።

3. ድንኳኑ የራሱ ወለል ካለው ላስቲኩ ከሥር ይነጠፍ። በአራቱም በኩል ከድንኳኑ ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይግባ፤ ትርፉም ወደ ታች ይታጠፍ። ይህ ላስቲክ ዋና ጥቅሙ የድንኳኑ ወለል እንዳይቀደድ መከላከል ነው።

4. ድንኳኑ ወለል ከሌለው ላስቲኩ ከውስጥ ይነጠፍ። ከክፍሉ ትንሽ ይስፋና ጠርዙ በግድግዳው ልክ አንድ ስንዝር ወደ ላይ ይታጠፍ።

ለማስታወስ እንዲመቻችሁ፦ ከሥር ከሆነ ይጥበብ፣ ወደ ታች ይታጠፍ፤ ከውስጥ ከሆነ ይስፋ፣ ወደ ላይ ይታጠፍ።

5. በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ፤ መውጫው ወደ ዝቅተኛው በኩል ይሁን። ወደ ጎረቤት አትልቀቁት። ውሃ የቆመበት ቦይ የወባ ትንኝ ስለሚያራባ ደለሉን በየጊዜው ጥረጉ።

ከተነጠፈ በኋላ

በሳምንት አንድ ቀን ፍራሹንና ሰሌኑን አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱ። ላስቲኩን አንሡና መሬቱን አናፍሱ። ስታነሡት በዱላ ይሁን፤ እጃችሁን ከሥር አታስገቡ። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊትም አራግፉ። ጊንጥ የነደፈውን ሰው ቦታውን አትብጡት፣ አትሰሩት፤ በፍጥነት ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። በተለይ ልጅ ከሆነ አንዲት ሰዓት አታባክኑ።

የጎርፍ ውሃ ገብቶ ከነበረ ከመጸዳጃ ቤት የመጣ ቆሻሻ ይኖርበታል ብላችሁ አስቡ። ልጆችን አርቁ፤ ላስቲኩን በሳሙና እጠቡና በፀሐይ አድርቁ።

ከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ላስቲክ ይቀልጣል፣ በፍጥነትም ይነዳል። የከሰሉ ጭስ አልባ ጋዝ ደግሞ በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ይገድላል።

ሕፃን ላላችሁ

ብርድ ብቻውን የሳንባ ምች አያመጣም፤ ምቹን የሚያመጣው ጀርም ነው። ነገር ግን ጨቅላ ሕፃን የሰውነቱን ሙቀት ቶሎ ያጣል፤ በቆላም ቢሆን ርጥብ ላይ ያደረ ሕፃን ይቀዘቅዛል፣ ይደክማል፣ መጥባትም ያቅተዋል። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ደረቁ ቦታ የእርሱ ይሁን። ርጥብ ልብሱን ወዲያው ለውጡ፤ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ማቀፍ ከሁሉ የተሻለ ማሞቂያ ነው። ያልተሸፈነ ወይም የላላ ላስቲክ ላይ አታስተኙት፤ አፍና አፍንጫውን ሊሸፍነው ይችላል። አጎበሩንም ከፍራሹ ሥር ዙሪያውን ሸጉጡት።

የሚከተሉትን ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ክሊኒክ ኑ፦ ጡት መጥባት ማቆም፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ገላው መቀዝቀዝ ወይም ማተኮስ፣ ፈጣን አተነፋፈስ። ልጁ ሳያለቅስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሌሊት ቢሆንም አትጠብቁ።

ውድ አድማጮች፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። መብራት ይዛችሁ ድንኳናችሁን ዙሩና የላስቲኩ ጠርዝ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ወጥቶ ከሆነ እጠፉት። ለብቻቸው የሚኖሩ አረጋውያንና አራስ ያለችበት ጎረቤት ካላችሁም የእነርሱን እዩላቸው። ጥያቄ ያላችሁ ቤት ለቤት ስንመጣ ጠይቁን።