ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የፊት ፍሬን አጠባበቅ

ብዙ ዘመን ተሸፍኖ የቈየውን አሮጌ ሞተር ብስክሌት አውጥቶ ማደስ በልዩ ልዩ አገር ብዙ ሰዎች የሚወዱት ሥራ ሆኖአል። ሞተሩ ሲነሣ፤ ቀለሙም ሲያበራ ቤተ ሰቡ ሁሉ ደስ ይለዋል። የፊት ፍሬኑን ከፍቶ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን ፍሬን በተያዘ ጊዜ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ስለሚያጋድል፤ ከማቆሙ ሥራ የሚበዛውን የሚሸከመው የፊቱ ነው።

ለምሳሌ የእንግሊዙን ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 እንመልከት። ይህ ሞተር ብስክሌት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1937 እስከ 1955 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 126 ሺህ ያህሉ ለሠራዊት አገልግሎአል። የፊት ፍሬኑ ስፋቱ 7 ኢንች የሆነ ታምቡር ነው። በውስጡ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጐበጡ፤ ሸራ የለበሱ ሁለት ብረቶች አሉ። ነጂው የፍሬኑን እጀታ ሲጨብጥ ገመዱ ይሳባል፤ በብረቶቹ ጫፍ መካከል ያለው ካማም ዞሮ ከታምቡሩ ጋር ያፋትጋቸዋል። አንደኛውን የታምቡሩ መዞር ራሱ እየሳበ ያጠብቀዋል፤ ሁለተኛውን ግን ይገፋዋል። ስለዚህ የአንደኛው ሸራ ቀድሞ ቢያልቅ አያስደንቅም።

ታምቡሩን ከመክፈት አስቀድሞ ልናሳስብ የምንወደው ነገር አለ። በዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ የሚሠራው አስቤስቶስ ከሚባለው፤ እንደ ክር ካለው የመሬት ማዕድን ነበር። ሙቀትን ስለሚችል ተመረጠ፤ ብናኙ ግን በትንፋሽ ወደ ሳንባ ሲገባ ካንሰር ያመጣል። በሽታውም አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 ዓመት የበለጠ ቈይቶ ነው። በአውሮፓ የአስቤስቶስ ሠራተኞችን ልብስ በማጠብ ብቻ የታመሙ ሚስቶች ነበሩ። ብሪታንያም በ1999 ዓ.ም. ፈጽማ ከለከለችው። እንግዲህ ታምቡሩን ከፍቶ አቧራውን እፍ ማለት፤ የብዙ መካኒኮች ልማድ ቢሆንም፤ እጅግ ክፉ ልማድ ነው። በነፋስ መንፊያም ማጽዳት ከዚህ የባሰ ነው። አቧራው በሳሙና ውሃ ርሶ በጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁም በከረጢት ታስሮ ይጣል። ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፤ ልጆች አይቅረቡ፤ የሥራውም ልብስ ከቤተ ሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብ።

አዲስ ሸራ ሲገዛ አስቤስቶስ የሌለበት መሆኑን መጠየቅ ይገባል። ዘይት ወይም ግራሶ የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይድንም፤ በሙቀት ጊዜ ዘይቱ ተመልሶ ይወጣልና መለወጥ አለበት። ሸራውን የሚያያይዘው የመዳብ ምስማር ራሱ ከሸራው ፊት ዝቅ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆነ ታምቡሩን ይቧጭረዋል። ለካማው ግራሶ በጥቂቱ ብቻ ይበቃዋል።

ገመዱ በእጀታው ዘንድ ካሉት ክሮች አንዲት እንኳ ከተበጠሰች ይለወጥ። እጀታው ጠብቆ ሲያዝ ገመዱና ካማውን የሚያዞረው ክንድ 90 ዲግሪ ቢሠሩ ኀይሉ ይበረታል። ብዙ ሰዎች የሚረሱት ደግሞ ሁለቱን ብረቶች በታምቡሩ መካከል ማስተካከል ነው። በብዙዎቹ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች የፔርኖው ዳዶ ጥቂት ይላላል፤ አንድ ሰው እጀታውን አጥብቆ ይጨብጣል፤ ሌላው በዚያው ሳለ ዳዶውን ያጠብቃል። በዚህ ሥራ ልጅ አባቱን ሊረዳ ይችላል፤ አቧራው አስቀድሞ ተጠርጎአልና።

ከዚህ በኋላ ጐማውን ከመሬት አንሥቶ እያዞሩ ማስተካከያውን እስኪነካ ማጥበቅ፤ ከዚያም በነጻ እስኪዞር ማላላት ነው። አዲስ ሸራ ወዲያው በሙሉ ፊቱ ስለማይነካ፤ በመጀመሪያው ቀን ሰው በሌለበት መንገድ በዝግታ እየሄዱ ደጋግሞ መያዝ ያስፈልጋል። በዝናብ ወይም ከወንዝ መሻገሪያ በኋላ ውሃ ወደ ታምቡሩ ገብቶ ፍሬኑ ይዳከማል፤ እጀታውን በቀስታ ይዞ ጥቂት መንገድ መሄድ ያደርቀዋል።