«ዲሶሲዬሽን»ን በአማርኛ መጠየቅ፤ የሥነ ልቡና መጠይቆች አተረጓጎምና የደቻቱ ምሳሌ

ሀ. መግቢያ

የሥነ ልቡና መጠይቅ በቃላት የሚሠራ መለኪያ ነው። ሙቀት መለኪያ ከአገር ወደ አገር ቢጓዝ ንባቡ አይለወጥም፤ መጠይቅ ግን ቋንቋ በለወጠ ቁጥር የሚለካውም ነገር አብሮ ሊለወጥ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ «ዲሶሲዬሽን» የተባለውን የሕመም ምልክት የሚለኩ መጠይቆች ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚገጥመውን የቃላት ችግር ይመረምራል፤ በመጨረሻም ለውይይት የሚሆኑ ስያሜዎችን ያቀርባል።

ፅንሰ ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። በጤናማ ሰው ዘንድ ትውስታ፣ ስሜት፣ የአካል እንቅስቃሴና «እኔ» የሚለው ግንዛቤ ተሳስረው ይኖራሉ። ይህ ትስስር ሲላላ ሰው የሠራውን አያስታውስም፤ ወይም ራሱን እንደ ሌላ ሰው ከውጭ ይመለከታል፤ ወይም ዙሪያው ሁሉ ሕልም ይመስለዋል። ፈረንሳዊው ፒየር ዣኔ እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው ሥራው ይህንኑ ሲገልጽ የመፈራረስን ሐሳብ በሚያስተላልፍ ቃል ተጠቅሞ ነበር።

ለ. መለኪያዎቹ

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው መጠይቅ ኢቭ በርንስታይንና ፍራንክ ፐትናም እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ነው። 28 ጥያቄዎች አሉት፤ ተጠያቂው እያንዳንዱ ገጠመኝ ከጊዜው ከመቶ ስንት እጅ እንደሚደርስበት ከ0 እስከ 100 ባለው ቁጥር ያመለክታል፤ ውጤቱም የሁሉም አማካይ ነው። ብዙ ጊዜ 30 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በባለሙያ ጠለቅ ብሎ እንዲመረመር ይደረጋል። መጠይቁ ማጣሪያ እንጂ የሕመም ብያኔ አይደለም። ከእርሱም ሌላ አደጋው በደረሰበት ሰዓት የተሰማውን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በቻርልስ ማርማርና በባልደረቦቹ የታተመ ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ አለ።

የዚህ ዓይነቱ መለኪያ ለአገራችን ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ በአብዛኛው የዓመቱ ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየውና በድሬዳዋ መጋላን ከከዚራ የሚለየው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩም ተፈናቅለዋል። ከእንዲህ ያለ መዓት የተረፈን ሰው «በዚያ ሰዓት ምን ሆንህ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚነሣ ባለሙያ አስቀድሞ የጥያቄውን ቃል መምረጥ አለበት። ቃሉ ካልተገኘ፣ የታመመው ደህና፣ ደህናው የታመመ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ሐ. የቃላት ችግሮች

1. «ራስ»። በአማርኛ «ራስ» አካልም ነው፣ ማንነትም ነው። «ራሴን ከውጭ ሆኜ አየሁት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለአንዱ የማንነት፣ ለሌላው የመስተዋት ጉዳይ ይመስለዋል። «ራሱን ሳተ» ደግሞ በተለመደው አነጋገር ተዝለፍልፎ መውደቅን ያመለክታል። ስለዚህ «ራስህን ስተህ ታውቃለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ስለ ሌላ ሕመም ጠይቋል።

2. «ተረሳኝ»። አማርኛ «ረሳሁ» ብቻ ሳይሆን «ተረሳኝ»፣ «ጠፋብኝ» ይላል። በእነዚህ ግሦች ነገሩ በሰውዬው ላይ የደረሰ እንጂ እርሱ ያደረገው አይመስልም። በእንግሊዝኛው እንግዳ የሚመስለው፣ ከሰውዬው ፈቃድ ውጭ የሆነ መርሳት፣ በእኛ ሰዋስው የዕለት ተዕለት አነጋገር ነው። ስለዚህ የመርሳቱ ልክ በዝርዝር ካልተገለጸ ሁሉም «አዎን» ይላል። «የለበስኸውን ልብስ መቼና እንዴት እንደ ለበስኸው ፈጽሞ ሳታውቅ ራስህን ለብሰህ ያገኘህበት ጊዜ አለ?» የሚለው አጠያየቅ ረዘም ቢልም ከአሻሚነት ይድናል።

3. «ዕፅ»። የ1986ቱ መጠይቅ በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ኃይል ውስጥ ሆኖ የደረሰው እንዳይቆጠር ያሳስባል። ይህን «አደንዛዥ ዕፅ» ብሎ መተርጎም ለድሬዳዋ አይበቃም፤ በርጫ የተለመደ በሆነበት ከተማ ብዙው ሰው ጫትን በዚህ ስም አይጠራውምና። ምርቃና የሚያመጣው በሐሳብ መንጎድ፣ እንዲሁም ጫት ላጣ ሰው በእንቅልፉ የሚመጣበት ዱካክ፣ ሳይለዩ አብረው ይቆጠራሉ። ማሳሰቢያው ጫትን በስሙ ሊጠራ ይገባል።

4. «ከመቶ ስንት»። የጊዜን ብዛት በመቶኛ መመደብ ትምህርት ቤት ያልገባን ሰው ያስቸግራል። «ከዐሥር ስንት እጅ» ቀረብ ይላል። «አልፎ አልፎ»ና «አንዳንድ ጊዜ» የሚሉት ግን ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ ሁሉም ሰው አይስማማበትም፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ መለኪያ ላይ በተከታታይ ማስፈር አይመከርም።

5. ዛር። በዛር ልማድ መንፈሱ ይናገራል፤ ሰውዬው «ፈረስ» ነው። ይህን የሚያምን ሰው «ሌላ ሰው የሆንህ ይመስልሃል?» ሲባል በእውነት «አዎን» ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በመንፈስ መያዝን ከምልክቶቹ አገላለጽ አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል። ይሁን እንጂ እርሱም ሆነ የዓለም የጤና ድርጅት 11ኛው የሕመሞች ምደባ፣ ኅብረተሰቡ የተቀበለውን የሃይማኖትና የባህል ሥርዓት በራሱ ሕመም አይሉትም። ስለዚህ ከጥያቄው ቀጥሎ «ይህ ያስጨንቅሃል? ከሥራህ ያስተጓጉልሃል?» የሚል መከተል አለበት።

ተጠያቂው ጥያቄውን የሚረዳበት መንገድ መጠናት እንዳለበት በአገራችን ቀደም ብሎ ታይቷል። ኮርትማንና ቴን ሆርን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ የዓለም የጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ማጣሪያ መጠይቅ በኢትዮጵያ ሲሠራበት ተጠያቂዎች ጥያቄውን እንዴት እንደ ተረዱትና መልሱን በምን ፍላጎት እንደ ሰጡ መርምረዋል። ተርጉሞ፣ በሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ አስመልሶ ማመሳከር ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን «ራሱን ሳተ»ን የመሰለ ስሕተት በዚህ መንገድ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ተጠያቂውን «ይህ ጥያቄ ምን ማለት መሰለህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ያወጣዋል።

መ. ከሕዝቡ አፍ የሚገኝ ሀብት

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ፈዘዘ፣ ነሆለለ፣ በድን ሆነ፣ ሐሳቡ ሸፈተ፣ ቀልቡ ተገፈፈ የሚሉት አገላለጾች ለጥያቄ አቀራረብ ይጠቅማሉ። በተለይ «ቀልብ» ሊታሰብበት ይገባል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በኦሮምኛም በሶማልኛም «ቀልቢ» ተብሎ ይገኛል፤ በኦሮምኛ ልብ ማለትንና ማስተዋልን፣ በሶማልኛ ልብን ያመለክታል። ደቻቱ ግራና ቀኝ ሦስቱም ቋንቋዎች ስለሚነገሩ፣ መጠይቁን በሦስቱም ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ቃል መነሻ ይሆነዋል፤ የትርጉሙ ልዩነት ግን በየቋንቋው መፈተሽ አለበት።

ሠ. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ለጠቅላላው ፅንሰ ሐሳብ «የኅሊና መነጣጠል» ቀርቧል። «መለያየት» በትዳርና በጉዞ ተይዟል፤ «የአእምሮ መከፈል» ደግሞ ከሌላ ከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር ያምታታል። ከልክ ላለፈው መርሳት «ዝንጋኤ»፤ ሰው ለገዛ ማንነቱ እንግዳ ሲሆን «ለራስ ባይተዋርነት»፤ ዙሪያው እውነት ሳይመስለው ሲቀር «ለአካባቢ ባይተዋርነት»፤ በሐሳብ ወይም በትርኢት ፈጽሞ መዋጥ «ተመስጦ» ቢባል። የመጨረሻው ቃል በጎ ስሜት ያለው መሆኑ አይጎዳም፤ ነገሩ በመጠኑ ሲሆን በጤነኛ ሰው ዘንድ የተለመደ ነውና። «ሰመመን» ግን በቀዶ ሕክምና ስለ ተያዘ ብቻውን ሊቆም አይችልም።

እነዚህ ስያሜዎች ለመዝገበ ቃላትና ለባለሙያ የታሰቡ ናቸው እንጂ በመጠይቁ ውስጥ ለተጠያቂው የሚነበቡ አይደሉም። ተርጓሚው ሁለቱን ደረጃዎች መለየት ይኖርበታል፤ ለሐኪሙ አንድ ቁርጥ ያለ ቃል፣ ለታማሚው ደግሞ ቤቱ የሚናገረው አማርኛ ያስፈልጋል።