ቆራሌው የማያነሳው

በርበሬ ሦስት ጠላት አለው፤ ብርሃን፣ አየርና እርጥበት። ብርሃን ቅላቱን ይበላዋል። ፀሐይ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ በነጭ ላስቲክ ታሽጎ የከረመ በርበሬ እያደር ወደ ቡናማ ይዞራል። አየር ጠረኑን ይወስደዋል፤ የኮረሪማው፣ የበሶብላውና የነጭ አዝሙዱ ሽታ በስስ ላስቲክ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። እርጥበት ደግሞ ያጓጉለዋል፣ ሲቆይም ያሻግተዋል። ሽሮም ከሽምብራው የመጣ ቅባት ስላለው አየር ካገኘው ይመራል። እንጀራዬ ባልትና አዘጋጅቶ መሸጥ ነውና ማሸጊያ ለእኔ ከመልክ በፊት የጣዕም ጉዳይ ነው።

እናቶቻችን ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ቅቤ በኮባ ቅጠል፣ በሶ በስልቻ፣ የመንገድ ምግብ በአገልግል ይያዝ ነበር። ቅጠሉ አፈር ይሆናል፤ አገልግሉ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ያን ዘመን መልሱልኝ ማለቴ አይደለም። በርበሬዬ ዛሬ ዱባይና ዋሽንግተን ድረስ ይሄዳል፤ በኮባ ቅጠል አይደርስም።

ሩቅ መንገድ የሚሄደው በርበሬ የሚታሸገው ከውስጥ በሚያብለጨልጨው ከረጢት ነው። አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ከላይ ጽሑፍና ሥዕል የሚታተምበት ፖሊስተር አለ፤ የሃይላንድ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ዘመድ ነው። መሃል ላይ ከፀጉር እጅግ የሳሳ አሉሚኒየም ተነጥፏል፤ ብርሃኑንና አየሩን የሚያግደው እሱ ነው። ከውስጥ በኩል ደግሞ በማሸጊያ ማሽን ሲሞቅ የሚጣበቀው ፖሊኢትሊን አለ። ሦስቱ በሙጫ ተዋህደዋል። ለበርበሬ ከዚህ የተሻለ ጠባቂ አላየሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እዚህ የታሸገ ከረጢት ዱባይ ሲደርስ ይጨማደዳል። ደንበኞች የተነፈሰ መስሏቸው ይደውላሉ፤ ከረጢቱ ግን ደህና ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር የሚመጣው የድንች ጥብስ ከረጢት ደግሞ እዚህ ሲደርስ ሊፈነዳ እስኪመስል የሚነፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

የዚህ ከረጢት ችግር የሚጀምረው በርበሬው ካለቀ በኋላ ነው። በሰፈራችን የሚያልፈው ቆራሌው ጀሪካን ይወስዳል። ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ቆርቆሮ፣ ማዳበሪያ፣ ያረጀ ጫማ ሁሉ ይወስዳል። የተበላሹብኝን ከረጢቶች ሳወጣለት ግን አገላብጦ አይቶ መለሰልኝ። «ይሄንን ማንም አይገዛኝም፣ እትዬ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ፖሊኢትሊን በ110 እና በ130 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ፖሊስተር 250 አካባቢ ይፈልጋል፤ አሉሚኒየም 660። አንዱን ለማቅለጥ ስታሞቀው ሌላው ወይ ይቃጠላል ወይ ጨርሶ አይነካም። ለመለያየት የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ዕቃ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ዕጣው የረጲ ቆሻሻ መጣያ፣ ቦይ ወይም እሳት ነው።

ቆራሌው የሚወደውን የሃይላንድ ጠርሙስ ደግሞ እንመልከት። ጠርሙሱና ክዳኑ የተለያየ ፕላስቲክ ናቸው፤ ግን ተፈጭተው ውኃ ውስጥ ሲገቡ ጠርሙሱ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ውኃ ብቻውን ይለያቸዋል። በጠርሙሱ ላይ የሚለበጠው መለያ ፒቪሲ ከሆነ ግን አብሮ ይሰምጥና ሙሉውን ያበላሻል። ነጭ ጠርሙስ ተፈጭቶ በፈለጉት ቀለም የሚነከር የፖሊስተር ክር ይሆናል፤ ባለቀለሙ ምርጫው ጠባብ ነው፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። እነዚህ ሁሉ ጠርሙሱ ሳይሠራ በፊት ዲዛይን የሚያወጣው ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚወሰኑ ነገሮች ናቸው። ያ ሰው ሥዕሉ መደርደሪያ ላይ እንዴት እንደሚያምር ይጨነቃል። ቆራሌዎች በሚሸጡበት ምናለሽ ተራ ጠርሙሱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ምን እንደሚያወጣም እንዲጨነቅ እፈልጋለሁ።

ፌስታል የተለየ በሽታ አለው። የተሠራው ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፣ መቅለጥም ይችላል። ግን ቀላል ነው፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት መቶዎቹን መልቀም ያስፈልጋል፣ እነሱም ጭቃና የምግብ ትራፊ የነካቸው ናቸው። ማንም ጎንበስ ብሎ አያነሳውም። የሚያነሳው በግና ላም ነው፤ ከብት አራጆች ጨጓራ ሲከፍቱ የሚያገኙትን ጠይቋቸው።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን የማይበሰብስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ ግን ከጉሊት አልጠፋም፤ ሽንኩርት ገዝቶ የሚሄድ ሰው እጅ ላይ ውፍረት የሚለካ ማን አለ? በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ጠበቅ ብሎ ፌስታልን ይዞ በተገኘ ሰው ላይ ጭምር ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት ደንግጓል። አዋጁን እደግፋለሁ። የሚያሳስበኝ ምትኩ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ጨርቅ የሚመስል ቦርሳ ብዙው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ማዳበሪያ ከረጢት ከሚሠራበት ፕላስቲክ ማለት ነው። አንድ ቀን ይዘውት ከጣሉት ከፌስታል የባሰ ነው፤ ዓመታት ከያዙት ደህና ነው።

ለወረቀትና ለጥጥም ይኸው ሒሳብ ይሠራል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የአየር ንብረት ጉዳቱ ከአንድ ፌስታል እንዳይበልጥ የወረቀት ከረጢት 3 ጊዜ፣ የጥጥ ቦርሳ ደግሞ 131 ጊዜ መያዝ አለበት። ጥናቱ ላም ጨጓራ ውስጥ የገባውን አልቆጠረም፤ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። ግን ቁጥሩ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ዕቃው ከምን መሠራቱ ብቻውን አይበቃም፣ ስንት ጊዜ መመላለሱ ይቆጠራል። የእናቴ ዘንቢል በዚህ ሚዛን ማንንም አይፈራም።

ማሸጊያ ሲመላለስ ማየት የፈለገ ደግሞ ቢራና ለስላሳ አከፋፋይ ዘንድ ይሂድ። ባዶ ጠርሙስና ሳጥን ያልያዘ ሰው ወይ መያዣ ያስይዛል ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጠርሙሱ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። በየመንገዱ ተጥሎ የሚገኘው ጠርሙስ ጥቂት የሆነው የእኛ ጠባይ ለጠርሙስ ብቻ ስለሚያምር አይደለም፤ ባዶው ገንዘብ ስለሆነ ነው።

ይህንን ከአከፋፋዮቹ ወሰድኩ። ለሰፈር ደንበኞቼ በርበሬና ሽሮ የምሸጠው መያዣ አስይዤ፣ አፈ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ነው። ባዶውን የመለሰ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ጠርሙሱም ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ እንደገና ይሞላል። ብርሃን እንዳይነካው በር ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የራሷን ጣሳ ይዛ ለመጣች ደግሞ የማሸጊያውን ዋጋ ከሒሳቧ እቀንሳለሁ።

ባሕር ማዶ ለሚሄደው ግን ጠርሙስ አይሆንም፤ ይከብዳል፣ ሻንጣ ውስጥም ይሰበራል። ለጊዜው ባለ አሉሚኒየሙን ከረጢት እጠቀማለሁ። ከፖሊኢትሊን ብቻ የተሠራ፣ ሦስት ዓይነት ነገር ያልተዋሐደበት ከረጢት በዓለም ገበያ ላይ አለ። ሽታ በመጠበቅ ከአሉሚኒየሙ ያንሳል፤ በጥቂት ወራት ለሚያልቅ በርበሬ ግን ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ማተሚያ ቤቶች የሚቀበሉት ትንሹ ትእዛዝ ለአንድ ባልትና ቤት ከአቅም በላይ ነው፤ ስለዚህ ከሌሎች ባልትና ሻጮች ጋር ሆነን በጋራ ልናዝ እየተነጋገርን ነው። ናሙናው ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ለቆራሌው ነው፤ የሚገዛለት ካገኘ እናዘዋለን።